«አገሬ»ን ገለምሶ ላይ ስናነበው

በእስቴንስል ለምናባዛት ለዚህች መጽሔታችን ስለ ገጠር የሚላኩ ግጥሞች አብዛኞቹ ቤት ይመታሉ፤ ምጣኔያቸውም አይጎድልም። ታዲያ ለምን ይደርቁብናል? ከገለምሶ የመጣን ተማሪዎች፣ ክረምቱን ወላጆቻችን ዘንድ ስንከርም የገብረ ክርስቶስ ደስታን «አገሬ» አብረን አንብበን መልሱን ያገኘነው መሰለን። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ በ1924 ዓ.ም. ሐረር ተወልዶ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ያረፈ የሐረርጌ ልጅ ነው።

መጀመሪያ ቤቱን እንይ። አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ስለሚያሳርፍ፣ በቅጥያ ቤት መምታት ርካሽ ነው። «ይመጣሉ»ን በ«ይበላሉ» ማሰር ማንንም አያቅተውም። የ«አገሬ» መክፈቻም የሚመታው በቅጥያ፣ በ«በት» ነው። ነገር ግን «በት» እኮ ቦታን አመልካች ነው! ቤቱ በመታ ቁጥር ናፋቂው የሚሻው ቦታ ይጠራል።

ምጣኔውም እንደ ወል ቤት ስድስት በስድስት እያለ አይሄድም። አንዱ ስንኝ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። የሚደጋገሙት «አገሬ» እና «እዚያ» ናቸው። «እዚያ» የሚለው ሩቅ ያለ ሰው ነው። ቃሉም ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል።

እስቲ እኛ ደግሞ እንዲህ ብንልስ፦

ገለምሶ ገለምሶ፣ ያምራል ጫትሽ ደርሶ።

ስድስት በስድስት ነው፤ ቤቱም መታ። ነገሩስ? እንዲያው ባዶ! ጫቱን ማን ኮተኮተው?

ድግግሞሽ ለምን እንደሚጠቅም የአገራችን ገበሬ ያውቃል። ጉዛ ወጥቶ በዶንጎራ መሬት ሲገለብጥ፣ በኦሮምኛ አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ። ተቀባዮቹ የሚመልሷት ቃል ክንዳቸውን አንድ ላይ ታነሣለች፣ አንድ ላይ ታወርዳለች። ዘፈኑ ከተቋረጠ ሥራውም ይላላል።

«አገሬ»ን የምንነቅፈውም እዚህ ላይ ነው። ገጠሩ በናፍቆት ዓይን ስለታየ ውበቱና ድግሱ ይጎላል፣ ላቡ ይደበዝዛል። ሩቅ ያለ ሰው እንዲህ ቢያይ አንፈርድበትም። እኛ ግን በቡናና በማሽላ ገንዘብ ተምረን፣ የወላጆቻችንን ማሳ እንደ እንግዳ አይተን «ለምለም፣ ለምለም» ብንል ያሳፍረናል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ግጥም የምትልኩልን ጓደኞቻችን፣ አንድ ቃል ከመድገማችሁ በፊት ሁለተኛ ሲመጣ ምን ይዞ እንደመጣ ጠይቁት። ምንም ካልያዘ፣ ቤት ቢመታም ሰርዙት።