ሠዓሊው እንደ አንባቢ፦ ስለ ቫን ጎግ ደብዳቤዎች

ስለ ቪንሰንት ቫን ጎግ ሲወራ አስቀድሞ የሚነሣው የተቆረጠው ጆሮው ነው፤ ቀጥሎ የሱፍ አበባዎቹ ይነሣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው ያልቃል። ይህ ሰው በ1853 (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በኔዘርላንድስ ተወልዶ በ1890 በፈረንሳይ እስኪሞት ድረስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች መካከል ከ800 የሚበልጡት እስከ ዛሬ ቆይተዋል። አብዛኞቹ የተላኩት ለታናሽ ወንድሙ ለቴዎ ነው። የቴዎ ባለቤት የነበረችው ዮሐና እነዚህን አሰባስባ በ1914 ለኅትመት ባታበቃቸው ኖሮ፣ ሠዓሊውን እንጂ አንባቢውን ባላወቅነው ነበር። እኔ ላነሣ የምፈልገው ይኸንኑ አንባቢ ነው፤ እንዲህ ያለው አንባቢ በክፍል ውስጥ ሲገጥመን ምን እንደምናደርገው ግራ ይገባናልና።

በጁን 1880 ከቦሪናዥ፣ ከቤልጅየም የድንጋይ ከሰል ማውጫ ወረዳ፣ የጻፈው ረጅም ደብዳቤ ዋናው ምስክር ነው። በዚያን ጊዜ የ27 ዓመት ሰው ነበር። የወንጌል ሰባኪነት ሥራውን አጥቷል፤ ከቤተሰቡ ተቀያይሟል፤ ለወንድሙም ለብዙ ወራት ሳይጽፍ ቆይቷል። ብዕሩን ያነሣው ቴዎ ስለ ላከለት 50 ፍራንክ ለማመስገን ነው። ታዲያ ምን ሲሠራ እንደ ከረመ ሲገልጽ የሚቆጥረው መጻሕፍትን ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሚሽሌ ስለ ፈረንሳይ አብዮት የጻፈው ታሪክ፣ ሼክስፒር፣ ሁጎ፣ ዲከንስ፣ ቢቸር ስቶው፣ በመጨረሻም ኤስኪለስ። ሌላው ገበሬ በሬዎቹን እንደሚቆጥር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚናገረው ነገር የእኛን ሙያ ይነካል። ሬምብራንትን ከሼክስፒር፣ ኮሬጆን ከሚሽሌ፣ ደላክሯን ከሁጎ ጋር ያዛምዳቸዋል፤ ሠዓሊው በደራሲው ውስጥ ይገኛል ባይ ነው። ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ ቢጽፍ፣ በቀይ እስክሪብቶ የማናሰምርበት ስንቶቻችን ነን? ሼክስፒር በ1616 ሲሞት ሬምብራንት ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ነገር ግን ቫን ጎግ የሚናገረው ማን ከማን ተማረ ስለሚለው ጥያቄ አይደለም። እኔ እንደ ተረዳሁት፣ ንጉሥ ሊር ዘውዱን አጥቶ በዝናብና በነፋስ መካከል እንደ ማንኛውም ሽማግሌ ቆሞ ሲታይ፣ ሬምብራንት በተጨማደደ ፊት ላይ የሚያሳርፈው ብርሃን ትዝ ይላል። ይህን ለማየት ሁለቱንም ወድዶ ማወቅ ይጠይቃል። እኛ ግን ሥነ ጽሑፉን ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ፣ ሥዕሉን ለሌላ መምህር፣ ሙዚቃውን ደግሞ ለወላጆች በዓል እናስቀምጠዋለን።

ንባቡ በቤቱ ውስጥ ጠብ አስከትሎበታል። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ። ቫን ጎግ እንደሚያማርረው፣ አባትየው ሚሽሌን ወይም ሁጎን በልጃቸው እጅ ሲያዩ ትዝ የሚላቸው ቤት አቃጣይና ነፍሰ ገዳይ ነው። በማርች 1885 ሞቱ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ልጁ የአባቱን ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ በጠረጴዛ ላይ ገልጦ በአንድ ቀን ሳለው። የተገለጠው ኢሳይያስ ምዕራፍ 53 ላይ ነው። ከፊቱ አንዲት ትንሽ፣ ጠርዟ የተበላ ቢጫ መጽሐፍ አለች፤ ስሟ «የመኖር ደስታ» ማለት ሲሆን የዞላ ልብ ወለድ ናት። ብዙ ሰዎች ይህን ሥዕል ልጅ ከአባቱ ጋር የተሟገተበት አድርገው ይተረጉሙታል። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የኢሳይያስ ምዕራፍ የሚናገረው ስለ ተናቀና ስለ ሌሎች ስለ ተሠቃየ ሰው ነው። የዞላም መጽሐፍ፣ አርእስቱ ምንም ደስታ ቢል፣ ያሳደጓት ዘመዶች ውርሷን እየበሉባት እነርሱኑ ስለምትንከባከብ ወላጅ አልባ ልጅ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሲያኖራቸው፣ «አባባ፣ እኔም የማነበው ይህንኑ ነው» የሚል ይመስለኛል። አባትየው ግን ሥዕሉን አላዩትም።

ስለ ሙዚቃ ሲናገር እንደ መጻሕፍቱ አላምነውም። በኑነን ሲኖር ወደ አይንድሆቨን እየሄደ ከአንድ የኦርጋን ተጫዋች ዘንድ ፒያኖ መማር ጀምሮ ነበር። ወዳጁ ኬርሴማከርስ በኋላ እንዳስታወሰው፣ ድምፆቹን ከልዩ ልዩ ቀለም ጋር እያነጻጸረ ስላስቸገረ አስተማሪው «ይህ ሰው እብድ ነው» ብሎ ትምህርቱን አቋረጠው። እንደ መምህርነቴ በዚያ አስተማሪ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ ገና ጣት ማሳረፍ የሚማር ሰው ስለ ሰማያዊና ስለ አረንጓዴ ሲያወራ ትዕግሥት ያልቃል። ከዚያ በኋላ በፓሪስ ከቴዎ ጋር የዋግነርን ሙዚቃ ሰምቷል፤ አርል በተባለው ከተማ ሳለም ስለ ዋግነር የተጻፈ መጽሐፍ አንብቧል። ከዚህ ሁሉ የወሰደው በአብዛኛው አንድ ምኞት ነው፤ ሙዚቃ ሰውን እንደሚያጽናና ሥዕልም እንዲያጽናና።

ደብዳቤዎቹ ሌላም ጉድለት አላቸው። መጽሐፉን ያወድስና ምክንያቱን ሳይነግረን ያልፋል። እንባ የሚያመጣ ነገር ሲያገኝ ልቡ ቶሎ ይሸነፋል። ለሂስ ትምህርት አርአያ አድርጌ አላቀርበውም።

ነገር ግን የመልካም ጣዕም ዳኞች ነን ለምንል ሰዎች አንድ ፈተና ይዞብን ይመጣል። በሄግ ሳለ በድህነቱ ላይ፣ «ግራፊክ» ከተባለው የእንግሊዝ ሳምንታዊ መጽሔት በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎችን ይሰበስብ ነበር፤ የሠራተኞችን፣ የድሆችን፣ የአረጋውያንን። የመጽሔት ሥዕል ነው ብሎ አልናቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ዓመት አንድ ዕጩ መምህር በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር የወንጀል ልብ ወለድ ሲያነብ አገኘሁትና መጽሐፉን ወሰድሁበት። ሽፋኑ ላይ ሽጉጥ አለ። «ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» አልሁት በሰው ፊት። ልጁ በትሕትና፣ «መምህር፣ አንብበውታል?» አለኝ። አላነበብሁትም ነበር። ክፍሉ ዝም አለ።

ከ1888 መጨረሻ ጀምሮ በአርል የሳለው አንድ ሥዕል አለ፤ በአምስት ቅጂ ደጋግሞታል። የፖስታ ሠራተኛው የሩለን ሚስት ተቀምጣ፣ በሥዕሉ ላይ የማይታየውን የሕፃን አልጋ የምትወዘውዝበትን ገመድ ይዛለች። በፈረንሳይኛ ያወጣለት ስም አልጋ የምትወዘውዘውንም ሴት፣ ሕፃን ማስተኛ ዜማውንም ይገልጻል፤ እኛ «እሹሩሩ» ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ የመጣለት ከፒየር ሎቲ ልብ ወለድ፣ በአይስላንድ ባሕር ላይ ዓሣ ሲያሰግሩ ስለሚሞቱ ሰዎች ከሚናገረው መጽሐፍ ነው። እነዚያ ሰዎች ሥዕሉን በመርከባቸው ክፍል ውስጥ ቢሰቅሉት፣ ማዕበሉ ሲወዘውዛቸው የልጅነታቸው እሹሩሩ ትዝ እንዲላቸው ተመኘ። መጽሐፉም፣ ዜማውም፣ ሥዕሉም በአንድ ሸራ ላይ ተገናኙ። ሥዕሉ በርካሽ ሱቅ የሚሸጥ የታተመ ሥዕል እንደሚመስልም ራሱ ለቴዎ ጽፏል፤ የጻፈው ግን ለማፈር አልነበረም። በ1890 መጀመሪያ በሳን ሬሚ ታሞ ሳለም፣ እንደ እርሱ ታማ የነበረችውን የአርል ቡና ቤት ባለቤት ማዳም ዢኑን ሲስል፣ ከፊቷ ያኖረላት የስቶውን «የአጎት ቶም ጎጆ» እና የዲከንስን የገና ታሪኮች ነው። ዞላንም ያውቅ ነበር፤ ለታመመች ሴት የመረጠው ግን እነዚህን ነው።

የልጁን መጽሐፍ ከሦስት ሳምንት በኋላ መለስሁለት፤ በዚህ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ገዳዩ ማን እንደሆነ በ40ኛው ገጽ ላይ ይታወቃል፤ ንግግሮቹም እንጨት እንጨት ይላሉ። ሌሊት በአውቶቡስ ተራ የሚጠብቁት መንገደኞች የተገለጹበት ክፍል ግን በእውነት ጥሩ ነው። ይህንኑ ነገርሁት። እርሱ ደግሞ ያ ክፍል አሰልቺ እንደሆነና ዘልሎት እንዳለፈ ነገረኝ። ደወሉ እስኪደወል ተከራከርን፤ አልተስማማንም።