በያጅ የተጠበበበት ፑል አፕ

ወሎ ሰፈር፣ ወደ ጎተራ የሚወርደው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት ጎዳና ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፑል አፕ መሥሪያ አለ። የሠራው በርና መስኮት ሲበይድ የሚውል የሰፈር ባለሙያ ነው። ጌጥ የለውም። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ከስንቱ ባለ አበባ የብረት በር ይልቅ የታሰበበት ሥራ ነው።

ከመያዣው እንጀምር። በዓለም አቀፍ የጂምናስቲክ ውድድር የሚያገለግለው አግዳሚ ብረት ዲያሜትሩ 28 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ በያጅ ግን “ጠንካራ ይሁንልህ” ብሎ ባለ 1 ኢንች የውሃ ቧንቧ ይቆርጣል። የቧንቧ ኢንች ከውስጥ ክፍተቱ ጋር የተያያዘ ልክ ስለሆነ፣ ውጩ ሲለካ 33 ሚሊ ሜትር ያልፋል። መዳፍ በደንብ አይጨብጠውም፤ ጀርባ ሳይደክም ጣት ይለቃል። ይኼኛው ሠሪ ባለ 3/4 ኢንቹን መረጠ፤ የውጩ ልክ 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀጭኑ እንዳይጎብጥ ደግሞ ከግድግዳው ወጥተው ቧንቧውን የሚሸከሙትን ሁለት ክንዶች ከግራና ከቀኝ ወደ እጅ መያዣው አስጠጋቸው፤ የቧንቧው ጫፎች ከክንዶቹ አልፈው ወጥተዋል። ጫፎቹ በላሜራ ተደፍነው ጠርዛቸው ተሞርዷል። እጅ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም አልነካውም፤ በላብ ያንሸራትታልና።

ብየዳው የተለየ ዓይን ይፈልጋል። የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንኩ ሳይፋቅ ከተበየደ መገጣጠሚያው በውስጡ ቀዳዳ ይቋጥራል፤ ጭሱም በያጁ ላይ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለቅበታል። (ወተት ያረክሰዋል የሚሉ በያጆች ሞልተዋል፤ ጭሱን የሚከላከለው ግን ጭንብልና ነፋሻ ቦታ ነው።) እዚህ ዚንኩ አስቀድሞ በግራይንደር ተፍቋል። የብየዳው መስመር እንደ ሹሩባ ጉንጉን እኩል እኩል እየተደራረበ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይሄዳል። ከተከፈለው ዋጋ በላይ የተለፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን አሰቃቀሉ ነው። የአዲስ አበባ ቤት በአብዛኛው ቢሙና ኮለኑ አርማታ፣ መሙያው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከግድግዳው 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲንጠለጠል፣ የላይኛውና የታችኛው ብሎን በ30 ሴንቲ ሜትር ከተራራቁ፣ የላይኞቹን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚጎትታቸው ጉልበት 150 ኪሎ ነው፤ ሰውየው ሲወዛወዝ ደግሞ ይብሳል። በብሎኬት ውስጥ የገባ ፊሸር ይኼን ሊሸከም አይችልም። ሠሪው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳ ቢሙን ፈለገ፤ የሚጎተቱትን የላይኛ ብሎኖች አርማታው ውስጥ ቀበራቸው። የታችኞቹ ግድግዳውን የሚገፉ እንጂ የሚጎተቱ ስላልሆኑ፣ ከሥራቸው ሰፊ ላሜራ አድርጎ ብሎኬቱ ላይ አሳረፋቸው። ኢንጂነር አላማከረም፤ ስሌቱ ግን ልክ ነው።

በር መቃን መሐል እየተጠመዘዘ የሚወጠረውን የሱቅ ብረት አልመክርም። በሰበቃ ብቻ ነው የሚቆመው፤ የብዙ ቤታችን መቃን ደግሞ ስስ ላሜራ ስለሆነ ሲወጠር ይለጠጣል። አከራዩ ግድግዳ አይበሳም ላለው ሰው በራሱ እግር የሚቆም ማሠራት ይሻላል፤ መሠረቱ ሰፊ እስከሆነ ድረስ። ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ ክብደት ሲያነሣ ላደገ የሰፈር ልጅ ይኼ የሚከብድ አይደለም።

ለማሠራት ካሰባችሁ ለበያጁ ኪሏችሁንና ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ንገሩት፤ ሲሰቅልም አብራችሁት ቁሙ። ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ብየዳውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።