የሜጋፒክስል ብዛትና የምስል ታማኝነት፦ ለማይክሮስኮፕ የሚመረጡ ያገለገሉ ካሜራዎች ሲመዘኑ

የጤና ተቋም ላቦራቶሪ የማይክሮስኮፕ ምስል የሚያነሣው ለማኅደር ጌጥ አይደለም። አጠራጣሪ የወባ ስላይድን በሩቅ ላለ ባለሙያ ለማሳየት፣ ተማሪዎችን በአንድነት ለማስተማርና የምርመራ ጥራትን ለመገምገም ምስል ያስፈልጋል። ለማይክሮስኮፕ ብቻ ተብለው የተሠሩ ካሜራዎች ዋጋ ግን ከብዙ ተቋማት አቅም በላይ ነው። በመሆኑም ያገለገለ የፎቶግራፍ ካሜራ መፈለግ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሊነቀፍ የሚገባው ምርጫው የሚካሄድበት ልማድ ነው። ሻጭም ሆነ ገዢ አስቀድሞ የሚያነሣው የሜጋፒክስልን ብዛት ሲሆን፣ ይህ መመዘኛ ለማይክሮስኮፕ ሥራ የመጨረሻውን ስፍራ ሊይዝ የሚገባው ነው።

ምክንያቱ ከብርሃን ተፈጥሮ የሚመነጭ ነው። ኤርንስት አቤ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳስረዳው፣ ማይክሮስኮፕ ሊለየው የሚችለው ዝርዝር የሚወሰነው በብርሃኑ የሞገድ ርዝመትና በኦብጀክቲቩ ኑመሪካል አፐርቸር ነው። ለወባ ምርመራ የሚያገለግለው ባለ 100 እጥፍ፣ አፐርቸሩ 1.25 የሆነ የዘይት ኦብጀክቲቭ በአረንጓዴ ብርሃን የሚለየው ትንሹ ርቀት 0.27 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ይህ ርቀት 100 ጊዜ ሲጎላ 27 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ በሁለት ፒክስል ለመመዝገብም የ13 ማይክሮሜትር ፒክስል ይበቃል። የምስሉ ክብ 18 ሚሊሜትር ቢሆን ከዳር እስከ ዳር 1,400 ያህል ፒክስል፣ በጠቅላላው 2 ሜጋፒክስል ገደማ ማለት ነው። በአንጻሩ ባለ 10 እጥፍ፣ አፐርቸሩ 0.25 የሆነ ኦብጀክቲቭ በተመሳሳይ ስሌት 2,700 ያህል ፒክስል፣ ማለትም 7 ሜጋፒክስል ገደማ ይጠይቃል። እንግዲህ ብዙ ፒክስል የሚያሻው ብዙዎች እንደሚገምቱት ከፍተኛው ማጉያ ሳይሆን ዝቅተኛው ነው። ከዚህ መጠን እጅግ ለሚበልጥ ቁጥር የሚከፈል ገንዘብ ዝርዝር የሌለው ትልቅ ፋይል ከመግዛት አያልፍም።

ከቀደምቶቹ መካከል ኒኮን ኩልፒክስ 990 (እ.ኤ.አ. 2000) እና ኩልፒክስ 4500 (እ.ኤ.አ. 2002) በማይክሮስኮፕ ተጠቃሚዎች ዘንድ ስማቸው የገነነ ነው። ዝናው ያለ ምክንያት አልመጣም። ሌንሳቸው ትንሽ በመሆኑ ከማይክሮስኮፑ የዐይን ሌንስ ጋር ይስማማል፤ ዙም ሲደረግም ከአካሉ አይወጣም። የ28 ሚሊሜትር ጥርስ ስላለው ማያያዣ ይታሰርበታል፤ አካሉም ተጣጥፎ ስለሚዞር ስክሪኑን ማየት ያመቻል። 990 በአራት ተራ የባትሪ ድንጋዮች መሥራቱም የሚመሰገን ነው። ይሁንና ምስጋናው በልክ መሆን አለበት። 3.3 እና 4 ሜጋፒክስል ለዘይት ኦብጀክቲቭ ቢበቃም፣ ስክሪናቸው ከ2 ኢንች ያነሰ በመሆኑ ጥርት ያለ ትኩረት ለማግኘት ያስቸግራል። ቪዲዮአቸው 320 በ240 ፒክስል ብቻ ነው። በመሆኑም በእጅ ካሉ የሚያገለግሉ እንጂ ዛሬ ተፈልገው የሚገዙ አይደሉም።

የተሻለ ሚዛን የሚታየው ካኖን 600ዲን (እ.ኤ.አ. 2011) በመሰሉ ሌንሳቸው በሚቀያየር ካሜራዎች ላይ ነው። 18 ሜጋፒክስል፣ ሙሉ ኤችዲ ቪዲዮና የሚታጠፍ ስክሪን አለው፤ በዩኤስቢ ከኮምፒዩተር ጋር ሲያያዝም ሳይነካ ትኩረቱን ማየትና ምስል ማንሣት ይቻላል። ድክመቱ የመስታወቱና የመዝጊያው ንዝረት ነው። ንዝረቱ በተለይ ከ1/4 እስከ 1/60 ሰከንድ ባለው ፍጥነት ምስልን ያደበዝዛል፤ ተጠቃሚውም ጥፋቱን በኦብጀክቲቩ ላይ ያላክካል። ምስሉን በቀጥታ በስክሪን እያዩ ማንሣት መስታወቱን አስቀድሞ ስለሚያነሣው ንዝረቱን ይቀንሳል። ከ40ዲ (እ.ኤ.አ. 2007) ወዲህ የወጡ በርካታ የካኖን ሞዴሎች ደግሞ የመዝጊያውን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚተኩ ይመረጣሉ።

ካሜራው ከማይክሮስኮፑ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ከካሜራው ዓይነት ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። የቆዩ ባለ 160 ሚሊሜትር ማይክሮስኮፖች የቀለም ስሕተታቸውን በከፊል የሚያርሙት በዐይን ሌንሱ በመሆኑ፣ እርሱን አውጥቶ ካሜራውን በቱቦው ላይ መትከል በምስሉ ዳር ቀለማም ጠርዝ ይፈጥራል። ባለ 10 እጥፉን የዐይን ሌንስ በቦታው ትቶ፣ የ40 ሚሊሜትር ሌንስ ያለውን ካሜራ ትኩረቱን ወደ ሩቅ አድርጎ ከበላዩ ማቆም ይሻላል። ይህ አሠራር የ18 ሚሊሜትሩን ክብ ወደ 29 ሚሊሜትር ስለሚያሳድገው የ600ዲን ሴንሰር 27 ሚሊሜትር ሰያፍ ይሸፍናል። ካሜራው ከባድ ስለሆነ ክብደቱ በቱቦው ላይ ሳይሆን ለብቻው በቆመ መደገፊያ ላይ ማረፍ ይኖርበታል።

«ስልክ እያለ ካሜራ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ስልክ ለፈጣን ምክክር ይጠቅማል። ነገር ግን ብዙ ስልኮች ጠርዝን በራሳቸው ያሰላሉ፣ ጉርብጥብጥን ያለሰልሳሉ፣ የነጭ ብርሃን ሚዛንንም ከምስል ምስል ይለዋውጣሉ። በጊምሳ የተቀባ ስላይድ ላይ የክሮማቲን ቅላትና የሳይቶፕላዝም ሰማያዊነት የምርመራው መሠረት በሆነበት ሁኔታ፣ ቀለሙ በሶፍትዌር የተወሰነ ምስል አደገኛ ምስክር ነው። ብርሃንንና ቀለምን በእጅ አስተካክሎ ማጽናት የሚያስችል ካሜራ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ቪዲዮም ትርፍ ነገር አይደለም። በዘይት ኦብጀክቲቭ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ በመሆኑ፣ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ያረፈ ፕሌትሌት በአንድ ቋሚ ምስል የወባ ተሕዋሲ ሊመስል ይችላል። ትኩረቱን ከላይ ወደ ታች እያዘዋወሩ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ግን ልዩነቱን ለማየት ይረዳል። የግርሻ በሽታ ቦሬሊያና ጃርዲያም በእርጥብ ናሙና በእንቅስቃሴያቸው ይታወቃሉ። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ፣ ቪዲዮው በ25 ፍሬምና በ1/50 ሰከንድ ቢቀረጽ ከመብራቱ የሚመጣው መርገብገብ ይቀንሳል።

ግዢው ከመፈጸሙ በፊት ካሜራውን ወደ ነጭ ወረቀት አዙሮ፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ ምስል ማንሣት የሴንሰሩን አቧራ ይገልጣል። በሥራ ላይም ነጥቡ ስላይዱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ከናሙናው አይደለም። ባትሪው፣ ቻርጀሩና የካርዱ ዓይነት በገበያ መገኘታቸው መረጋገጥ አለበት። ከግዢው በኋላም በስቴጅ ማይክሮሜትር መለኪያ ማዘጋጀትና የታካሚው ስም በምስሉ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ርካሽ ካሜራ መግዛት ቁጠባ የሚሆነው ምስሉ የሚታመን ሲሆን ብቻ ነው። በሩቅ ያለው ባለሙያ ስላይዱን አያየውም፤ የሚያየው የተላከለትን ምስል ነው። ያ ምስል ከተሳሳተ ፍርዱም ይሳሳታል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በሽተኛው ነው።