የሐኖይ ጥንታዊ ሠፈር በብሩሽና በብዕር

ኪነ ጥበብ የሕዝብ ኑሮ ነጸብራቅ ነው የሚለው አባባል ዘወትር ይደገማል። ከኑሮው የትኛው ክፍል እንደሚንጸባረቅና የትኛው በጥላ ሥር እንደሚቀር ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። የቬትናም ዋና ከተማ የሐኖይ ጥንታዊ ሠፈር ይህን ጥያቄ ለማንሣት እጅግ ያመቻል። ያንኑ ጎዳና ሠዓሊው በአንድ ዓይን፣ ጸሐፊዎቹ በሌላ ዓይን ተመልክተውታልና።

ከሆአን ኪየም ሐይቅ በስተሰሜን የሚገኘው ይህ ሠፈር «ሠላሳ ስድስቱ ጎዳናዎች» በሚል ስም ይታወቃል። የአብዛኞቹ ጎዳናዎች መጠሪያ «ሃንግ» በሚለው ቃል ይጀምራል፤ ትርጉሙም ሸቀጥ ማለት ነው። ሃንግ ባክ የብር አንጥረኞች፣ ሃንግ ዱኦንግ የስኳር ነጋዴዎች ጎዳና ነበር። ቀለም ይሸጥበት የነበረው ሃንግ ሶን ግን በዚያ በታወቀው የዓሣ ምግብ ምክንያት የቀድሞ ስሙን አጥቶ «ቻ ካ» ተብሏል። የምግብ ሙያ የጎዳና ስም እስከ መለወጥ የደረሰበት ሠፈር ነው።

ጎብኚው ወደ እነዚህ ጠባብ መንገዶች ሲዘልቅ አስቀድሞ የሚቀበለው ሽታ ነው። በእግረኛው መተላለፊያ ላይ ዝቅተኛ በርጩማዎች ተደርድረዋል። በአንዱ ጥግ ቡን ቻ ለሚባለው ምግብ የአሳማ ሥጋ በከሰል ፍም ላይ ይጠበሳል። በሌላው ጥግ ከቀረፋና ከዝንጅብል ጋር ለረጅም ሰዓት ሲንተከተክ የቆየ የበሬ አጥንት መረቅ፣ ከሩዝ ዱቄት በተሠራ ቀጭን ፓስታ መሰል ምግብ ላይ ይፈስሳል፤ ይህም ፎ ነው። መደብ የሌላት ሻጭ ደግሞ ሸቀጧን በሁለት ቅርጫት ከፍላ፣ በቀርከሃ መሸከሚያ አንጠልጥላ፣ በትከሻዋ ይዛ ትዞራለች።

የዚህን ሠፈር መልክ በሸራ ላይ በማስፈር ከሁሉ የላቀ ዝና ያተረፈው ሠዓሊ ቡዊ ሹዋን ፋይ (1920–1988 እ.ኤ.አ.) ነው። ያዘመሙ ጣራዎች፣ የደበዘዙ ግድግዳዎች፣ በጥቁር መስመር የተከበቡ መስኮቶች የሥራው መለያ ናቸው። አገሬው እነዚህን ጎዳናዎች በሠዓሊው ስም «ፎ ፋይ»፣ ማለትም የፋይ ጎዳና፣ እስከ ማለት ደርሷል። ይሁን እንጂ ጎዳናው አብዛኛውን ጊዜ ጭር ያለ ነው። ሰው ቢታይ እንኳ ትንሽና ፊቱ የማይለይ ነው፤ የከሰሉ ጢስና የሻጯ ጥሪ ከሸራው ውጭ ቀርተዋል። ይህ ጭርታ የችሎታ ጉድለት አይደለም። ሠዓሊው በ1950ዎቹ በተነሣው የሥነ ጥበብ ነጻነት ክርክር ተካፋይ በመሆኑ ለብዙ ዓመታት ወደ ጎን ተገፍቶ ነበር። የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ ያሳየው በ1984 ሲሆን፣ የሆ ቺ ሚን ሽልማት የተሰጠው ከሞተ በኋላ በ1996 ነው። ባዶው ጎዳና የእርሱ የብቸኝነት ቋንቋ ነው፤ እንደ ሠፈሩ ሙሉ ምስል ከተወሰደ ግን ያሳስታል።

የጎደለውን የሚሞሉት ጸሐፊዎቹ ናቸው። የታክ ላም «የሐኖይ ሠላሳ ስድስቱ ጎዳናዎች» ደራሲው በሞተ ማግሥት በ1943 ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እያንዳንዱ የቀኑ ሰዓት የራሱ ምግብ፣ የራሱ ሻጭና የራሱ በላተኛ አለው። ፎ የቢሮ ሠራተኛውና የላብ አደሩ ምግብ ሆኖ ይቀርባል፤ ከቮንግ መንደር የሚመጣው የለጋ ሩዝ እሸት ከተሸካሚዋ ልጃገረድ ተለይቶ አይታይም። ጣዕሙን ከእጁ አለመነጠሉ የታክ ላም ብልጫ ነው። አገሪቱ በ1954 ከተከፈለች በኋላ በሳይጎን ይኖር የነበረው ቩ ባንግ በ1960 ያሳተመው «የሐኖይ ጣፋጭ ምግቦች» በቋንቋ ውበቱ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን የመጽሐፉ ማዕከል የናፋቂው ልብ ነው፤ ሻጯ የትዝታው አጃቢ ሆና ትቀራለች።

ስለ ምግብ መጻፍ ከንቱ ድሎት ነው የሚል ሂስም ተሰንዝሯል። ንጉየን ቱዋን «ፎ» የተሰኘ መጣጥፉን በ1957 ባወጣ ጊዜ ይህን የመሰለ ወቀሳ ደርሶበታል። ለወቀሳው ከማንም የተሻለ መልስ የሰጠው ግን ሕዝቡ ራሱ ነው። በ1960ዎቹ፣ በጦርነቱ ዘመን፣ በመንግሥት ምግብ ቤቶች ሥጋ የሌለው ፎ ሲቀርብለት፣ በሰማዩ ላይ ከሚያንዣብቡት ሰው አልባ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላኖች ጋር አመሳስሎ «አብራሪ የሌለው ፎ» አለው። ችግሩን ለመናገር ሳህኑን የመረጠ ሕዝብ ባለበት፣ ሳህኑ ለብዕር የማይመጥን ርእስ ነው ማለት አይቻልም።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ሠፈሩ በ2004 በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ። የከተማው አስተዳደር በ2008 የትራፊክና የከተማ ሥርዓትን ምክንያት በማድረግ በ62 ጎዳናዎች ላይ የአዟሪዎችን ንግድ ከለከለ፤ ከአዟሪዎቹ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። የሐኖይ ፎ ደግሞ በ2024 በብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝገብ ሰፈረ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ እግረኛውም መብት አለው። ቢሆንም ጣራው ቅርስ፣ መረቁ ቅርስ ከተባለ በኋላ፣ መረቁን በትከሻዋ ለትውልድ ያሻገረችው ሴት የሥርዓት እንቅፋት ብቻ ሆና ከተቆጠረች ምዝገባው ጎደሎ ነው።

የሐኖይ ምሳሌ ለሠዓሊም፣ ለደራሲም፣ ለመምህርም የሚያስተላልፈው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለ ሕዝብ ማዕድ የሚሠራ ኪነ ጥበብ የሚመዘነው የበላተኛውን ምራቅ በማስዋጡ ወይም የናፋቂውን እንባ በማምጣቱ ብቻ አይደለም። ጎሕ ሳይቀድ እሳቱን የለኮሰችው እጅ በሥራው ውስጥ መታየቷና አለመታየቷ ዋናው ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን የፋይ ሸራ የሠፈሩን ቤት፣ የታክ ላም ገጽ ደግሞ የሠፈሩን ሰው ጠብቀው አቆይተዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ ሠፈሩን ከእነ ነፍሱ ያገኘዋል።