ስለ አድናቂዎች ትዝታ
(ቢል ዋልተንና «ግሬትፉል ዴድ»)

ሰው የሚያደንቀውን ሰው ከሞተ በኋላ በምን ዐይነት ያስታውሰዋል? ይህን ለመመርመር ያነሣሣኝ አሜሪካኖች ስለ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ስለ ቢል ዋልተንና እርሱ ዕድሜውን ሁሉ ስለ ተከተለው የሮክ ሙዚቃ ጓድ የሚያወሩት ትዝታ ነው። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም የምትከተለው ዘፋኝ ወይም የምትደግፈው የኳስ ቡድን ሳይኖርህ አይቀርምና ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መስሎ አይታይህ። ዘመኑን የምቈጥረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

«ግሬትፉል ዴድ» ማለት «ውለታ የማይረሱ ሙታን» እንደ ማለት ነው። ጓዱ በ1965 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ተመሠረተ፤ ስሙንም ጊታር መቺው ጄሪ ጋርሲያ ከመዝገበ ቃላት አገኘው። የስሙ ምንጭ የጥንት ተረት ነው፤ ይኸውም አንድ መንገደኛ በዕዳ ምክንያት ሳይቀበር የቀረ ሬሳ አግኝቶ ገንዘቡን ከፍሎ ያስቀብረዋል፤ በኋላ የሟቹ ነፍስ በመንገድ ተገልጣ ከመከራ ታድነዋለች። መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው የዚህ ተረት ዘመድ የት እንዳለ ያውቃል።

ዋልተን በ1952 ዓ.ም. ተወለደ፤ ቁመቱ ከ2 ሜትር ከ10 ይበልጥ ነበር። በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ በ1972ና በ1973፥ ከዚያም በባለሙያዎች ማኅበር ከፖርትላንድ ጋር በ1977፥ ከቦስተን ጋር በ1986 ዋንጫ አነሣ። ይህ ሁሉ ሲሆን የእግሩ አጥንት ደጋግሞ እየተሰበረ፥ በባለሙያዎች ማኅበር በመደበኛው ውድድር የተጫወተው 468 ጊዜ ብቻ ነው። የሚወደው ጓድ ሲጫወት የሄደበት ግን ከ800 ጊዜ በላይ እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ ሰውዬው ከተጫዋችነቱ ይልቅ በአድማጭነቱ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው።

የአድናቂዎቹ ትዝታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ቍጥር ነው። ቀጥሎ ልብሱ ይነሣል፤ በየቀለሙ የተነከረው ዥንጉርጉር ሸሚዝ። ከዚያ ቁመቱ፤ በሕዝቡ መካከል እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲቆም እንደ ዋርካ ከሁሉ በላይ ይታይ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ደስ የሚልም ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ትዝታ ሰውን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። ሥዕል ደግሞ አያመውም፥ አይተኛም፥ አይቸገርም።

ዋልተን ግን ከሠላሳ በላይ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ተቈርጧል። እስከ 28 ዓመቱ ድረስ ኰልታፋ ነበርና በሰው ፊት ስሙን መናገር እንኳ ይከብደው ነበር። በኋላ ማርቲ ግሊክማን የሚባል የስፖርት ዜና ነጋሪ አናገሩን አስተካክሎለት እርሱም ዜና ነጋሪ ሆነ። እንዲያውም በዝቶበት ነበር፤ በበኩሌ የጨዋታ አገላለጡን ስሰማ ግነቱ ያደክመኛል። ተራ የኳስ ቅብብል የዓለም ታሪክ አድርጎ ያወራል። ሆኖም ለ28 ዓመት የታፈነ አንደበት ሲከፈት ጐርፍ ቢሆን አይፈረድበትም። ዕድሜው ሃምሳ አምስት አልፎት ሳለ አከርካሪው ተሰብሮ፥ በቤቱ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነፍሱን ለማጥፋት እስከ ማሰብ መድረሱን በ2016 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ራሱ ጽፏል። የመጽሐፉ ስም «ከሙታን መመለስ» የሚል ነው፤ የጓዱን ስምና የራሱን ዕጣ አንድ ላይ አሥሮበታል። መጽሐፉ አንዳንድ ቦታ ተንዛዝቷል፤ ስለ ሕመሙ የጻፈው ግን ጠንካራ ነው።

ሌላም የምነቅፈው አለ። አድናቂዎቹ ሲያወሩ ዋልተንን የሠራው ሙዚቃው ብቻ ይመስላል። አስተማሪ ነበርሁና ለአስተማሪ ታደላለህ ትሉኝ ይሆናል፤ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ጆን ዉደን ለአዲስ ተጫዋቾቹ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምራቸው ካልሲና ጫማ አስተካክሎ ማጥለቅን ነበር። አንድ ጊዜ ዋልተን ጠጕሩን አሳድጎ ቢመጣ፥ አሠልጣኙ «ጠጕርህን ማሳደግ መብትህ ነው፤ ማን እንደሚጫወት መምረጥ ደግሞ የእኔ ነው፤ እንናፍቅሃለን» እንደ ማለት መለሰለት። ወጣቱ በብስክሌቱ ወደ ጠጕር ቈራጭ በረረ። ያው ወጣት በዚያው ዘመን የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ሰልፍ ወጥቶ ታስሯል፤ መምህሩን መታዘዝና መንግሥትን መቃወም በአንድ ልብ ውስጥ ይኖሩ ነበር።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የምንዘምረው በኖታ ነበር፤ ከኖታው የወጣ ይገሠጽ ነበር። ስለዚህ «ግሬትፉል ዴድ» ምን እንደሚሠሩ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። አንዱን ዘፈን በየሌሊቱ በተለየ መንገድ ይጫወቱት ነበር፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ሰምቶ ይከተላል፥ ወይም ይመራል። ዋልተንም የሚመሰገነው ኳስ በማስገባት ብቻ ሳይሆን ለጓደኛው በማቀበል ነው፤ ቡድንና የሙዚቃ ጓድ አንድ ነገር ናቸው ይል ነበር። ይህን ከአድናቂዎቹ ጥቂቶች ብቻ ያነሡታል፤ ከሸሚዙ ይልቅ መነገር የሚገባው ይህ ነበር።

ጓዱ አድማጮች ሙዚቃውን በቴፕ እንዲቀዱ ይፈቅድ ነበር፤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለቀጂዎች የተለየ ቦታ ሰጣቸው። ቴፑን እርስ በርሳቸው በነጻ ይለዋወጡ ነበር እንጂ አይሸጡትም። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ነጻ የወጣችው የሊትዌኒያ የቅርጫት ኳስ ቡድን ገንዘብ ሲቸግረው ጓዱ ረዳው፤ ተጫዋቾቹም በባርሴሎና ኦሎምፒክ የነሐስ ሜዳሊያ ሲቀበሉ ያንኑ ዥንጉርጉር ልብስ ለብሰው ቆሙ።

ቴፑ ግን ዜማውን እንጂ ሌላውን አልቀዳም። በእነዚያ ጉባኤዎች አደንዛዥ ዕፅ እንደ ውሃ ይዞር ነበር። ጄሪ ጋርሲያ በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በ53 ዓመቱ የሞተው ከሱስ ለመውጣት በገባበት የሕክምና ቤት ነው። «ያ ዘመን ደስ ሲል!» እያለ የሚጽፍ ሰው ይህን ሲዘልለው አነባለሁ፤ ስለሚያፍር አይደለም፥ ሥዕሉ እንዳይበላሽበት ነው። የሚወዱት ሰው የገደለውን ነገር ሳያነሡ ስለ እርሱ ማውራት ከሐሰት ብዙ አይርቅም።

ዋልተን ግንቦት 27 ቀን 2024 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም በ71 ዓመቱ ዐረፈ። ከሰማኋቸው ትዝታዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው የግብጹን ነው። በመስከረም 1978 ዓ.ም. ጓዱ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሦስት ሌሊት ተጫወተ፤ በመጨረሻው ሌሊት ጨረቃ ፈጽማ ተጋረደች። ዋልተን የዚያ ዓመት ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሞ፥ እግሩ ግን ተሰብሮ ሳለ እዚያ ድረስ ተከትሏቸው ሄደ። ይህን የሚያወሩት ሰዎች ሙዚቃውንና ጨረቃዋን ሲያወሱ እግሩንም አይረሱም። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ዋልተን አንድም ቀን አልተጫወተም።