የማይታየውን ማሰማት

ጌም የሚቆመው በሕግ ነው። ይህን ቁልፍ ብጫን በሩ ይከፈታል፣ ይህን ያህል ብተኩስ ጠላቴ ይወድቃል፣ እዚህ ጥግ ብቆም አይደርስብኝም፤ ተጫዋቹ ወደፊት የሚራመደው እነዚህን ሕጎች እየተማረ ነው። ኮስሚክ ሆረር የሚባለው የአስፈሪ ታሪክ ዘርፍ ግን ሕግ በተገኘ ቁጥር ይደክማል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት መልክ ባስያዘው በዚህ ዘርፍ፣ ከጥርስና ከጥፍር ይልቅ የሚያስፈራው ጽንፈ ዓለሙ ለሰው ልጅ ደንታ የሌለው መሆኑ ነው። ከእኛ በፊት የነበረ፣ ከእኛም በኋላ የሚኖር፣ ልንረዳው ስንሞክር አእምሯችንን የሚያስተን ነገር አለ። ታዲያ ተጫዋች እንዲረዳው ሆኖ የሚሠራ ጥበብ፣ መረዳት የሚገድለውን ፍርሃት እንዴት ይሸከማል?

ሥራዬ የጌም ድምፅ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ከፊቴ ነው። መልስ ስፈልግ ደጋግሜ የምከፍተው ጌም «ዴድ ስፔስ» ነው። ለጆሮ የሠራውን ያህል የሠራ አስፈሪ ጌም ጥቂት ነው፤ ማብራራት ሲጀምር የከሰረውን ያህል የከሰረም እንዲሁ።

«ዴድ ስፔስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የሠራው ካሊፎርኒያ የነበረው ኢኤ ሬድውድ ሾርስ፣ በኋላ ቪሰራል ጌምስ የተባለው ስቱዲዮ ሲሆን ሥራውን ከፊት ሆኖ የመራው ግሌን ስኮፊልድ ነበር። ታሪኩ በ26ኛው ክፍለ ዘመን ይካሄዳል። ስሙን ከአይዛክ አሲሞቭና ከአርተር ሲ. ክላርክ የወረሰው መሐንዲስ አይዛክ ክላርክ፣ ፕላኔት እየሰነጠቀች ማዕድን የምታወጣውን ኢሺሙራ የተባለች ግዙፍ መርከብ ሊጠግን ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ይላካል። ፍቅረኛው ኒኮል እዚያ ሐኪም ናት። ሲደርሱ መርከቧ ጨልማለች፤ የሠራተኞቹ ሬሳ ተጣሞና ተገጣጥሞ፣ ኔክሮሞርፍ ወደሚባል ፍጥረት ተለውጦ በየኮሪደሩ ይንቀሳቀሳል። የዚህ ሁሉ ምንጭ ከፕላኔቱ ተቆፍሮ የወጣው ማርከር የተባለ ጥምዝ ሐውልት ነው።

ከድምፁ ልጀምር። ጠፈር ውስጥ ድምፅ የሚሸከም አየር የለም። አብዛኞቹ የጠፈር ፊልሞችና ጌሞች ይህን ትተው ፍንዳታውን እንደ መሬት ያስጮሁታል። «ዴድ ስፔስ» ውስጥ ግን አየር ያመለጠበት ክፍል ስትገቡ ዓለም በሙሉ ይታፈናል። መሣሪያው ሲተኮስ ጩኸቱ ጠፍቶ፣ በክንድና በአጥንት በኩል የመጣ የሚመስል ደብዛዛ ምት ብቻ ይቀራል። ከራስ ቁሩ ውስጥ የአይዛክ ትንፋሽ ጎልቶ ይወጣል። ይህን ብዙ ሰው «ለሳይንስ ታማኝ ነው» ብሎ ያደንቀዋል፤ እኔ የማደንቀው ግን ሌላውን ነው። እዚያ እስክትደርሱ ድረስ ጌሙ በጆሯችሁ እንድትተማመኑ አስተምሯችኋል። በአየር ማስተላለፊያው ቱቦ ውስጥ የጥፍር ኮቴ ከሰማችሁ ጠላት እየመጣ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከየት በኩል እንደሆነም ትገምታላችሁ። አየሩ ሲጠፋ ያ ሁሉ ትምህርት ዋጋ ያጣል። ከጀርባችሁ የሚመጣው ነገር ድምፅ የለውም። ሕጉን የነጠቃችሁ ክፉ አካል የለም፤ ጠፈር በተፈጥሮው እንዲህ ስለሆነ ብቻ ነው። ላቭክራፍት በገጾች የሚፈልገውን ያንን ደንታ ቢስነት ጌሙ አንድ ቃል ሳይናገር አየር በማውጣት ብቻ አሰምቶታል። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የተሻለ የድምፅ ውሳኔ አላውቅም።

ሙዚቃውም በዚሁ መንፈስ ነው የተሠራው። አቀናባሪው ጄሰን ግሬቭስ ለኦርኬስትራው ዜማ ከመስጠት ይልቅ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ በራሱ አኳኋን የሚያንሸራትተውና የሚፈገፍገው ድምፅ አዘዘ፤ የፖላንዱ ክሺሽቶፍ ፔንደሬትስኪ ከሚታወቅበት ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ነው። የተቀዳው ደግሞ በእርከን በእርከን ስለሆነ፣ ጌሙ ራሱ የአደጋውን ቅርበት እየለካ እርከኖቹን ያነሳል፣ ይጥላል። በዶን ቬካ የተመራው የድምፅ ቡድን የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢውን የባርት ባቡር ጩኸት እንኳ ቀድቶ ከመርከቧ ድምፆች ጋር አስገብቷል። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚያወጣው ያ ድምፅ ጌሙ ውስጥ ሲገባ ከባቡር ጋር ማንም አያገናኘውም፤ ትልቅና ሕይወት ያለው ነገር የጮኸ ይመስላል። በ2009 የባፍታ የጌም ሽልማት ላይ «ዴድ ስፔስ» በድምፅ አጠቃቀምም በሙዚቃም አሸንፏል፤ የሚገባው ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለራሴ ሥራ የወሰድኩት ትልቁ ነገር ባለቤት የሌለው ድምፅ ነው። ኢሺሙራ ላይ ከሩቅ የሚንኳኳ፣ የሚንሾካሾክ፣ የሚጎተት ነገር አለ፤ ሄዳችሁ ብትፈልጉት ምንም አታገኙም። ከፕሮግራመሮች ጋር ስሠራ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ ይህ ድምፅ የየትኛው ዕቃ ነው? ከየትኛው ገጸ ባሕርይ ጋር ይታሰር? ጥያቄው ትክክል ነው፤ በአብዛኛው ጌም እያንዳንዱ ድምፅ ለተጫዋቹ መረጃ መሆን አለበት። በኮስሚክ ሆረር ግን ከአሥር ድምፅ አንዱን ከምንም ነገር ጋር ሳላስር እተወዋለሁ። ከዚያ ካበዛሁት ተጫዋቹ «ይህ ዝም ብሎ ድባብ ነው» ብሎ ጆሮውን ይዘጋል፤ ይህም አንድ ሕግ መሆኑ ነው። ካሳነስኩት ደግሞ ሁሉንም ድምፅ ቆጥሮ ይጨርሰዋል። ሚዛኑ የሚገኘው ሰው አስቀምጦ ሲጫወት በማየት ነው። ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ምንም ሲያጣ፣ ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃው መዘግየት አለበት።

ጥንካሬው በጆሮ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የአይዛክ የጤና መጠን በጀርባው አከርካሪ ላይ በሚበራ መስመር፣ ጥይቱ በመሣሪያው ላይ በሚታይ ብርሃን ይነበባል። ዕቃችሁን ስትከፍቱ ጌሙ አይቆምም፤ ዝርዝሩ ፊታችሁ በአየር ላይ ይዘረጋል፣ ከኋላችሁም የሚመጣው ይመጣል። ተጫዋቹ ሸሽቶ የሚያርፍበት የስክሪን ጥግ አልተተወለትም።

አሁን ወደ ድክመቱ። አይዛክ መጀመሪያ የሚያገኘው መሣሪያ ፕላዝማ ከተር ይባላል፤ የማዕድን መቁረጫ ነው። ኔክሮሞርፍ ጭንቅላቱን ቢመታ አይወድቅም፤ እጅና እግሩ መቆረጥ አለበት። እንደ ጌም ይህ ድንቅ ፈጠራ ነው። ለዓመታት ጭንቅላት ላይ ማነጣጠር የለመደ እጅ እንደ አዲስ ይማራል፣ በድንጋጤ ውስጥም ጥንቃቄ ይጠየቃል። እንደ ኮስሚክ ሆረር ግን ከባድ ዕዳ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው፣ ይሠራል፣ ደም በተቀባ ግድግዳ ላይም ተጽፎላችኋል። ጌሙ ከተጋመሰ በኋላ ተጫዋቹ የሚያስበው ስለ ጥይት ቁጥርና ስለ መሣሪያ ማሻሻያ ነው። ወለል ላይ ሬሳ ሲያይ ሳይነሳበት ቀድሞ ይረግጠዋል። ግድግዳ ላይ የቱቦ መከለያ ሲያይ ከዚያ የሚወጣውን ይጠብቃል። ምስጢሩ ወደ ሥራ ተለውጧል። ልብ አሁንም በድንጋጤ ይመታል፤ ግን በድንገት መደንገጥና ከማይገባን ኃይል ፊት መቆም የተለያዩ ስሜቶች ናቸው፤ ጌሙ ሁለተኛውን ስሜት በየመሐሉ ይረሳዋል። የአስትሮይድ መተኮሻው ክፍልማ ከሁለቱ አንዱንም አይሰጥም።

በ2014 የወጣው «ኤሊየን፦ አይሶሌሽን» ለዚህ ችግር የተሻለ መልስ ነበረው። እዚያም ሕግ አለ፤ ፍጥረቱ ይሰማል፣ ያሸምቃል፣ በእሳት ለጊዜው ይሸሻል። መግደል ግን አይቻልም። ሕጉን ማወቅ የበላይነት አይሰጥም። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ የአሥራ አምስት ሰዓት ጨዋታን ግን ከሥር እስከ ጫፍ ይቀይራል።

ያም ሆኖ «ዴድ ስፔስ» በአንድ ቦታ ላይ እውነተኛውን ኮስሚክ ሆረር ነክቶታል። እሱም ኒኮል ናት። ጌሙን ለመጫወት ያሰበ አንባቢ ይህን አንቀጽ ይለፈው። አይዛክ በጉዞው ሁሉ ያያታል፣ ታናግረዋለች፣ በር ትከፍትለታለች። መጨረሻ ላይ መልእክቷ በሙሉ ሲታይ፣ ገና እሱ ሳይደርስ በገዛ እጇ መሞቷ ይገለጣል። ያየው ሁሉ የማርከሩ ሥራ ነበር። የጌሙ የአሥራ ሁለት ምዕራፎች ርዕሶች የመጀመሪያ ፊደሎች በእንግሊዝኛ ሲገጣጠሙም መሞቷን የሚናገር ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ፤ እውነቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በግልጽ ተጽፎ ነበር። ተጫዋቹ የተማመነበት ዓይኑ ነው የከዳው። ማርከሩ ለምን እንዲህ አደረገ? ምን ይፈልጋል? የመጀመሪያው ጌም አጥጋቢ መልስ አይሰጥም፤ ባለመስጠቱም ነው ዛሬም ድረስ የምናወራለት።

መልሱ የመጣው በተከታታዩ ሦስተኛ ጌም፣ በ2013 ነው። ማርከሮቹ የሚያገለግሉት የአንድን ዓለም ሬሳ ሁሉ ሰብስቦ ጨረቃ የሚያህል አንድ አካል ለመሥራት ነው፤ እነዚያ ጨረቃዎች ደግሞ ዓለማትን እየበሉ ይዞራሉ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ከሁሉ የሚገዝፍ ነው፤ ፕላኔትን እንደ ምግብ የሚያይ ነገር ከዚህ በላይ ምን ኮስሚክ ይሆናል? ሆኖም ስም ተሰጣቸው፣ ፍላጎታቸው ተዘረዘረ፣ በመጨረሻው ውጊያ ደግሞ ተጫዋቹ የአንዱን ዓይን እየመታ ይጥለዋል። ዓይኑ የሚመታ ነገር ደካማ ጎኑ የታወቀ ጠላት ነው። በዚያ ላይ መሣሪያ የያዙ ተራ ወታደሮች መጡ፣ የጥይት ዓይነቱ ሁሉ አንድ ሆነ፣ ለሁለት መጫወትም ተጨመረ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሁለት ሰው ጨዋታው ውስጥ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ፦ ካርቨር የተባለው ሁለተኛው ገጸ ባሕርይ የሚያየውን ቅዠት አይዛክን የሚያጫውተው ሰው በራሱ ስክሪን ላይ አያየውም። ሁለት ጓደኛሞች በጌሙ አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ስላዩት ነገር አይስማሙም። ጌሙ በሙሉ በዚህ ላይ ቢገነባ ኖሮ ስለ ተከታታዩ የምንጽፈው ሌላ ይሆን ነበር። ቪሰራል በ2017 ተዘጋ።

በ2023 ሞንትሪያል ያለው ሞቲቭ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን ጌም ከመሠረቱ እንደገና ሠራው። ካሜራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ ይከተላል፣ መርከቧም ከጫፍ ጫፍ ተያይዛለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የተጨመረው ሥርዓት ነው፤ ክፍሎቹ ውስጥ የሚመጣውን ጠላት፣ ድምፅና ብርሃን ጌሙ በየጊዜው ይቀያይራል። ተመልሳችሁ ያለፋችሁበት ኮሪደር ትናንት ባዶ ነበር ማለት ዛሬም ባዶ ነው ማለት አይደለም። የተጫዋቹን የሕግ መዝገብ በየጊዜው የሚሰርዝ ይህ ሥርዓት፣ ቀደም ሲል ላነሳሁት የሬሳና የቱቦ ችግር ካየኋቸው መልሶች ሁሉ የተሻለው ነው።

በአንድ ነገር ግን ከብዙዎች ጋር አልስማማም። በ2008ቱ አይዛክ ቃል አይናገርም፤ ይተነፍሳል፣ ያቃስታል፣ ይጮኻል። በአዲሱ ጋነር ራይት ድምፁን ሰጥቶት ይናገራል፤ የተናገረው ዓረፍተ ነገር እንኳ ሲደክምና ሲቆስል በተለያየ መልኩ ተቀድቷል። ሥራው ከፍተኛ ነው፤ እንደ ባለሙያ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሆኖም የሚናገር ሰው ይተነትናል። «ይህን ብናስተካክል ያ ይሠራል» የሚል መሐንዲስ አብሯችሁ ካለ ብቻችሁን አይደላችሁም። በቀድሞው ግን ያ ትንፋሽ የማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስቸግር ነበር፤ የአይዛክ ነው ወይስ የእኔ?

በእኛ ከተሞች ብዙ ወጣት ጌም የሚያውቀው በሰዓት እየከፈለ በሚጫወትበት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ ኳስ ይገናል፣ ሳቅና ክርክር አለ፣ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ስፒከር ይወጣል። ለኳስ ምንም አይጎድልም። እንዲህ ያለ ጌም ግን እዚያ ግማሹ ይቀራል፤ በዚያ ጫጫታ ተጫውቶ «አያስፈራም» ያለ ሰው ትክክል ነው፣ የሰማው ነገር የለምና።

ስለዚህ ለጨዋታው ብቻ የምትፈልጉት የ2023ቱን ተጫወቱ፤ በሁሉም መለኪያ የተሻለ ጌም ነው። ጌም ለመሥራት የምታስቡ፣ በተለይ ድምፅ የምትሠሩ ልጆች ግን የ2008ቱን ፈልጉ። ጥሩ ሄድፎን አድርጉ፣ አየር ያለቀበት ክፍል ስትደርሱ ወዲያው አትውጡ፤ ቆማችሁ አዳምጡ። ሦስተኛውን ብትዘሉት አይቆጭም።