ቢሊዮን ሕልም በአንድ ልጅ ትከሻ

ክሪኬት ለአብዛኞቻችን ባዕድ ጨዋታ ነው። እኔም ብሆን ሕጉን አጠናቅቄ አውቃለሁ አልልም። ጄምስ ኧርስኪን እ.ኤ.አ. በ2017 ያዘጋጀውን «ሳቺን፦ ቢሊዮን ሕልሞች» የተሰኘ ፊልም ለማየት የተቀመጥኩት፣ አንድ ልጅ እንዴት የአገር ተስፋ ተሸካሚ እንደሚሆን ለማወቅ ጓጉቼ ነው። አይቼ ስነሳ ልጁን ያገኘሁትም የጠፋብኝም መሰለኝ።

ፊልሙ የሕንዳዊውን ዝነኛ መቺ የሳቺን ቴንዱልካርን ሕይወት ይተርካል። ተራኪው ራሱ ባለታሪኩ ነው። ልጅነቱን ተዋናዮች ይጫወቱለታል፤ ከቤተሰቡ ጓዳ የወጡ የቪዲዮ ምስሎችም አሉበት። ሙዚቃው የኤ. አር. ራህማን ነው። የቤት ውስጥ ምስሎቹ በእርግጥ ያምራሉ፤ አንጀት ይበላሉ። ነገር ግን ፊልሙ መጨረሻውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ለመጀመሪያው ትዕግሥት የለውም። ልጁ ገና መምቻውን ሲጨብጥ ዘውድ ሊጭንለት ይቸኩላል።

እስቲ ታሪኩን ያለ ዘውድ እንየው። ሳቺን በ1973 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ቦምቤይ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ራሜሽ በማራቲ ቋንቋ የሚጽፉ ገጣሚና መምህር ነበሩ። በ1984 ታላቅ ወንድሙ አጂት ሺቫጂ ፓርክ ሜዳ ላይ ወደሚያሠለጥኑት ወደ ራማካንት አችሬካር ወሰደው። ልምምዱ እንዲቀርበው ሲባል አክስቱና አጎቱ ቤት ገባ። አሠልጣኙ መቺው ከሚጠብቃቸው ሦስት ዘንጎች አናት ላይ የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያኖሩ ነበር። ሳቺንን ያስወጣ ወርዋሪ ሳንቲሟን ይወስዳል፤ ማንም ካላስወጣው የሳቺን ትሆናለች። በዚህ መንገድ ያገኛቸውን 13 ሳንቲሞች ከሽልማቶቹ ሁሉ አስበልጦ እንደሚወዳቸው ተናግሯል። ተአምር ያልነው ነገር ሲፈተሽ ወንድም፣ አክስት፣ መምህርና አንድ ሩፒ ሆኖ ይገኛል።

በኖቬምበር 1989፣ በ16 ዓመቱ፣ አምስት ቀን በሚፈጀው የቴስት ግጥሚያ ካራቺ ላይ ለአገሩ ተሰለፈ። 15 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ፣ እንደ እርሱ ጀማሪ በነበረው በፓኪስታናዊው ዋቃር ዩኒስ ኳስ ወጣ። የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ይህ ነው ብሎ ፈርቶ እንደነበር ኋላ ራሱ መስክሯል። ሲያልኮት ላይ የዚያው የዋቃር ኳስ አፍንጫውን አደማው፤ ደሙን ጠራርጎ ቀጠለና 57 አስቆጠረ። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ግጥሚያ ሲጀምር ግን ያለ ምንም ነጥብ ተመለሰ። በ1990 ማንቸስተር ላይ በ119 ነጥብ ቡድኑን ከሽንፈት አዳነ። በአንድ ቀን ግጥሚያ መቶ የሞላው ደግሞ በ1994፣ በ79ኛ ጨዋታው ነው። አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው! እንደ እኔ እምነት የፊልሙ ልብ መሆን የነበረበት ይህ መጠበቅ ነው።

ከፊልሙ በኋላም አልለቅ ያለኝ ሌላ ስም አለ፤ ቪኖድ ካምብሊ። የአንድ መምህር ልጆች ናቸው። በ1988 በተማሪዎች ውድድር ሁለቱ ሳይበገሩ አብረው 664 ነጥብ ሲጨምሩ፣ በግሉ የበለጠ ያስቆጠረው ካምብሊ ነበር። በ1993 የቴስት ተጫዋች ሆኖ በተከታታይ ሁለት ግጥሚያዎች ከ200 በላይ አስቆጠረ። በ17 ግጥሚያዎች አማካይ ውጤቱ ከ54 በላይ ነበር። ሆኖም የመጨረሻ ቴስቱን በ1995 ሲጫወት ገና 23 ዓመቱ ነበር። ሳቺን እስከ 2013 ድረስ ቀጠለ።

ለዚህ ነው የተአምር ትረካ የማይጥመኝ። የቆመውን «ተመርጦ ነው» ስንል፣ የወደቀውን «ሳይመረጥ ቀርቶ ነው» ማለታችን ነው። ያኔ ማን እንደደገፈው፣ ማን ፈጥኖ እንደተወው የሚጠይቅ አይኖርም።

ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ፣ ለአንድ ሰው ሸክም ነው ይባላል። ፊልሙ በርዕሱ የሚኮራበት ቢሊዮን ሕልም ለ16 ዓመት ልጅ ምን ያህል ይከብድ ይሆን? ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሳቺን ባላነሰ፤ ይልቁንም ሰው ሆኖ በታየን ነበር።